ዞሮ የማያይ ሰው

ኢፍቱ የልጇን የፀዲን ልብሶች በረንዳ ላይ እያሰጣች ሳለ አማቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ ወጥ ቤት ሆነው በስልክ ሲያወሩ ሰማች። "ዛሬ ማታ ይዣት እመጣለሁ። ትንሿን ፍራሽ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቷት" ይላሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "እናቷማ ምን ታድርግ፣ የእግዜር ነገር ነው። እስክትድን ነው። እሷ ባትድንም ልጅቷ ትትረፍ እንጂ።" ኢፍቱ የፀዲን ቀሚስ እንደያዘች ቀረች። ውኃው እየተንጠባጠበ እግሯ ላይ ይወርዳል፤ መጭመቅ አልቻለችም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ካበጡ ሰንብተዋል፤ ዕብጠቱም መገጣጠሚያው ላይ ብቻ አይደለም፣ ከሥር እስከ ጥፍር አንድ ወጥ ሆኖ ተነፍቷል። ታች ግቢው ውስጥ ውኃ መጣ ተብሎ ሴቶች ጄሪካን ይዘው ይሯሯጣሉ። በየካ አባዶ ውኃ የመጣ ጠዋት ሌላ ነገር አይታሰብም፤ እሷም በሌላ ቀን ቢሆን ባልዲዋን አንሥታ ትወርድ ነበር። ዛሬ ግን የሴቶቹን ጫጫታ ከላይ እየሰማች፣ ልጇን ሌሊት ያጠባችበት ደረቷ እየከበዳት ቆመች።

ሳሎን ስትገባ ባሏ ከበበ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። ከበበ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ማልዶ ካልወጣ የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ያስቀረዋል። "ታውቅ ነበር?" አለችው።

"ምኑን?"

"እናትህ ፀዲን ዛሬ መሪ ወዳለው ቤታቸው እንደሚወስዷት።"

ክሩን ፈታና እንደገና አሰረው። "እስክትድኚ ነው እኮ። ከመሪ እስከዚህ ምን አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሽ ታያታለሽ።" "ታያታለሽ" አላት እንጂ "ታቅፊያታለሽ" አላላትም። እሷም ልዩነቱን ሰማች፤ እሱም ያለውን የሰማ ይመስል ቀና ሳይል በሩን ዘግቶ ወጣ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ክፉ ሴት አይደሉም። ፀዲ ስትወለድ መሪ ያለውን ቤታቸውን ለሴት ልጃቸው ትተው የመጡት፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ እየወጡ ልጅ ያዘሉት፣ ኢፍቱ አራስ ሳለች ገንፎ ያጎረሷት እሳቸው ናቸው። ነገሩ የተበላሸው ፀዲ ጥቂት ወራት ሲሆናት ነው። መጀመሪያ ከኢፍቱ ጆሮ ጀርባና ከፀጉሯ ሥር ነጭ ቅርፊት እየተነሣ ትከሻዋ ላይ ይረግፍ ጀመር። ቀጥሎ ጥፍሮቿ በመርፌ እንደተወጉ ሁሉ ጥቃቅን ጉድጓድ አወጡ። ኢፍቱ መሪ አካባቢ ባለ የሴቶች ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራ ነበር፤ አንዲት ደንበኛ በመስታወት ውስጥ የኢፍቱን ጥፍር አይታ "እኔን ሌላ ልጅ ትሥራኝ" አለች፤ በሳምንቱ የቤቱ ባለቤት "እስኪሻልሽ ዕረፊ" አለቻት። ከዚያ ጣቶቿ አበጡ፤ ጠዋት ጠዋት ወገቧ እንደ ጣውላ ይደርቅ ጀመር። አንዱ ክሊኒክ ከቶንሲል የመጣ ነው ብሎ በየወሩ ፔኒሲሊን ወጋት። ሌላው ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ከለከላት፤ ሥጋ በዓል ካልሆነ በማይገባበት ቤት። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ጎረቤቶቿ ወንበራቸውን ፈቀቅ ያደርጉ ጀመር። ያንን ቃል ፊት ለፊቷ የተናገረ ሰው የለም። ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን በልጅነታቸው ጣቶቿ በቁምጥና ያለቁ አንዲት ጎረቤት ያውቁ ነበር፤ ያች ሴት ያጠባቻት ልጅ ምን እንደሆነች ሰው ሲጠይቃቸው አይመልሱም። ስለዚህ ኢፍቱ ፀዲን አቅፋ ባስቀመጠች ቁጥር የልጅቷን እጅና ፊት በሳሙና ያጥባሉ። ደብቀው አያደርጉትም፤ ሲያደርጉትም አይናገሩም። 

የዛሬው የሐኪም ቀጠሮ ባይኖር ኢፍቱ ምን ታደርግ እንደነበር አታውቅም። ፀዲን አጥብታ ለአማቷ ሰጠች፤ "ሐኪም ቤት ደርሼ እመጣለሁ፣ እማማ። ሳልመጣ እንዳይሄዱ" አለቻቸው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅቷን ወደ ትከሻቸው እያስጠጉ "እስኪመሽ እጠብቅሻለሁ" አሉ። ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ከአባዶ መገናኛ ያለው መንገድ ያን ቀን ከወትሮው ረዘመባት። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት አስቀምጦ፣ ኢፍቱ እጇን በነጠላዋ ሸፍና መስኮቱን ተደግፋ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጠች ተማሪ ሻንጣዋን ለመያዝ ስትንጠራራ ክንዷን ነካቻትና "ይቅርታ" አለች፤ ኢፍቱ ከዚያ ንክኪ ላይ ሐሳቧን ማንሣት አቅቷት እስከ መገናኛ ደረሰች።

ዶክተር ተክለጻድቅ የመገጣጠሚያ ሐኪም ናቸው። መጀመሪያ የሄደች ቀን ከጣቷ በፊት ጥፍሯን ያዩ፣ ከወገቧ በፊት ፀጉሯን ገልጠው የራስ ቆዳዋን የተመለከቱ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በቤተሰብሽ እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቋት አባቷን ጠይቃ "የለም" ብሎ እንደ መለሰላት ነግራቸዋለች። እሳቸውም ደሟ ወደ ውጭ አገር ተልኮ እንዲመረመር አዘዙ፤ የጋብቻ ሐብሏ የተሸጠው ለዚሁ ነው። ዛሬ ውጤቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የተሰነጠቀ የላስቲክ ወንበር፣ የራጅ ፊልም የሚታይበት መብራት። የእጇን ራጅ እዚያ ላይ ሰቀሉት።

"በደምሽ ውስጥ ኤችኤልኤ ቢ ሃያ ሰባት የሚባለው ምልክት ተገኝቷል" አሉ። ፊቷ ሲለዋወጥ አይተው እጃቸውን አነሡ። "ምልክት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ይህ ምልክት ያላቸው ብዙ ሰዎች ምንም ሳይሆኑ አርጅተው ይሞታሉ። በሽታው ይዟቸው ምልክቱ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ብቻውን ቢመጣልኝ ምንም አልልሽም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተላከ?"

"ብቻውን ስላልመጣ። ጥፍርሽ አለ፣ የራስሽ ቆዳ አለ፣ ጣትሽ ከሥር እስከ ጫፍ አብጧል፣ ወገብሽ ጠዋት ይደርቃል። የሌላኛው ዓይነት የመገጣጠሚያ በሽታ የደም ምልክት ደግሞ አንቺ ላይ አልተገኘም። በዚህ ሁሉ ላይ ይኼ ሲጨመር ሚዛኑ ይደፋል።" ራጁን በእስክሪብቷቸው ጫፍ ነኩት። "የቆዳው ሕመም ሶሪያሲስ ይባላል። የመገጣጠሚያው ከሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት አንቺኑ ይወጋሻል።"

ኢፍቱ ስለ ሰውነቷ መከላከያ ያሉትን ልብ አላለችውም፤ ሌላ ነገር ነበር የምትጠብቀው። "ይተላለፋል?" አለች።

"አይተላለፍም።"

"በመንካት?"

"በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ በመሳም፣ በማጥባት። በምንም።"

እንደገና እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ዶክተር ተክለጻድቅ ሳይሰለቹ ያንኑ ደገሙላት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሷ አቀረቡ። "ምልክቱን ግን ከእናትሽ ወይም ከአባትሽ ነው ያገኘሽው። ባለፈው ስለ ቆዳ ነበር የጠየቅሁሽ። ይህ ምልክት ይበልጥ ከጀርባ አጥንት ጋር ነው ነገሩ። በቤታችሁ ጀርባው የደረቀ፣ አንገቱ የማይታዘዝለት ሰው አለ?"

"አባቴን ልጠይቀው" አለች ኢፍቱ።

መድኃኒቱን አስረዷት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የተጣመመ አጥንት አይመልስም፣ ያልተጣመመው እንዳይጣመም ግን ያግዛል። እሱን እየወሰዱ ማርገዝ አይቻልም፤ ማጥባትም አይቻልም። "ልጅሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል ብለሽኛል፤ ጡት አስጥያትና እንጀምራለን። ብዙ ባትቆዪ ደስ ይለኛል" አሉ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጇስ ምልክቱ ይኖራት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሊኖራት ይችላል፣ ላይኖራትም ይችላል፣ እኩል ነው አሏት፤ ቢኖራትም አብዛኞቹ አይታመሙም፤ ጤነኛ ልጅ ለዚህ ተብላ አትመረመርም። "አንድ ቀን ብትታመም ግን እንዳንቺ ዓመት ሙሉ አትንከራተትም፤ የሚያውቅላት እናት አለቻት" አሉና ቀጣዩን በሽተኛ ጠሩ።

ወደ ቤት መመለስ ይገባት ነበር። እሷ ግን ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባች፤ ከሽሮ ሜዳም ወደ እንጦጦ። አባቷ ጉደታ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ይኖራል። የእርሻ መሬቱ ካሳ ተከፍሎበት ከተወሰደ ወዲህ ባሕር ዛፍ እየቆረጠና እየተሸከመ ቆየ፤ አሁን የሰፈሩን የውኃ ታንከር በዘበኝነት ይጠብቃል። ሰፈሩ የሚያውቀው "ዞሮ የማያይ" በሚል ስም ነው። ከኋላው ሰላም ቢሉት አይዞርም፤ ከጎኑ ቢጠሩት ፊት ፊቱን እያየ ይመልሳል። ኩሩ ነው ይሉታል፤ የካሳውን ገንዘብ ካገኘ ወዲህ ጠገበ ያሉም ነበሩ። ኢፍቱም ጠባዩ ነው ብላ ነው ያደገችው። በሠርጓ ዕለት ከቤት ስትወጣ እያለቀሰች አጠገቡ አለፈች፤ የሁሉም አባት ልጁን በዓይኑ ሲሸኝ የሷ አባት እንደ ተተከለ ግንድ ወደ ፊት እያየ ቆሞ ቀረ። ያንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከልቧም አልወጣላትም።

ታንከሩ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በዚያ ፀሐይ ካፖርቱን ለብሷል፤ ካፖርቱን አውልቆ አይታው አታውቅም። ከጫካው የሚወርዱ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያልፋሉ፤ ባሕር ዛፉ ከላይ ይንሿሿል። ጉልበቱን ስማ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስለ መንገዱ ጠየቃት፣ ስለ ፀዲ ጠየቃት፣ የሽንኩርት ዋጋ አባዶ ስንት እንደገባ ጠየቃት። ሁሉንም መለሰችለት። ከዚያ ዶክተሩ ያሉትን ነገረችው፤ ምልክቱን፣ ከወላጅ መምጣቱን፣ አለመተላለፉን። እናቷን በሕይወት ሳለች ጀርባዋን አሟት እንደማያውቅም ጨመረች።

 አንድ ሰው መጥቶ ቧንቧ አስከፍቶ፣ ጄሪካኑን ሞልቶ ሄደ። ከዚያ ጉደታ ካፖርቱን ሳያወልቅ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ክርኑ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ተላጠ የኖራ ግድግዳ ነጭ ሆኖ ተነባብሯል። ኢፍቱ ባበጡት ጣቶቿ ነካችው። ክንዱን ሊሰበስብ ፈለገና ተወው።

"እናትሽ ከሞተች ወዲህ የነካው የለም" አለ።

"ስጠይቅህ የለም አልኸኝ።"

"ባለ ትዳር ነሽ። ከአባቷ ነው ቢሉሽስ?" እጅጌውን መልሶ አወረደ። "እናቴ ስትሞት ሰማይ ካየች ብዙ ዘመኗ ነበር። ጀርባዋ ጎብጦ መሬት መሬት ነበር የምታይ። ቆዳዋ ሲብስባት ጓሮ ጎጆ ቀለሱላት፤ ምግቧን ደጃፏ ላይ ያስቀምጡላታል። ቁምጥና ነው ያለ ሰው የለም። አይደለም ያለም የለም። እንዲሁ እንደ ተለየች ሞተች።"

"አንገትህስ? ሸክም ነው ስትል አልነበር?"

"ሰዎች ሸክም ነው አሉኝ፤ እኔም ነው አልሁ። ሸክም ለሰው ይገባዋል።"

ኢፍቱ ልትጠይቀው የማትፈልገውን ጠየቀችው። "በሠርጌ ዕለት ዞረህ አላየኸኝም።"

"አንገቴ አይዞርም" አለ አባቷ። "በሙሉ አካላቴ ካልሆነ መዞር አልችልም። በሙሉ አካላቴ ብዞር ደግሞ ለአማቾችሽ ሽማግሎች ጀርባዬን መስጠት ነው፤ ሠርጉ ይበላሻል። ስለዚህ በጆሮዬ ሸኘሁሽ። ጫማሽ ይሰማኝ ነበር። የመኪናው በር እስኪዘጋ ሰማሁት።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱም አታልቅሺ አላላትም። ስትጨርስ ፀዲን ዛሬ ማታ ሊወስዷት እንደሆነ ነገረችው። ጉደታ ሌላ አልጠየቃትም። ከዘራውን ተደግፎ፣ በመጀመሪያ ወገቡን ከዚያ ጉልበቱን እያላቀቀ ተነሣ፤ የታንከሩን ቁልፍ ለጎረቤቱ ሰጠና "እንሂድ" አላት። አባዶ መጥቶ አያውቅም ነበር። ሲጠሩት ሁሉ ደረጃውን ያመካኛል።

ደረጃው እውነትም ምክንያት ነበር። ሲደርሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነው፤ በየወለሉ እየቆመ፣ ግድግዳውን እየያዘ፣ አንዴም ሳያማርር አራተኛ ፎቅ ወጣ። ከበበ ከሥራ ተመልሷል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፀዲን ሹራብ አልብሰው ለመሄድ ተሰናድተዋል። ጉደታን ሲያዩ ደንግጠው ተነሡ፤ ወንበር ለቀቁለት፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰፈሩ ጠየቁት። ሰላምታው እስኪያልቅ ማንም ስለ ምንም አላነሣም። ከዚያ ኢፍቱ ሐኪሙ ያሉትን አንድ በአንድ ተናገረች።

"እኔ ክፋት አስቤ አይደለም፤ ይተላለፋል ብዬ ነው" አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ። አንገታቸውን ደፉ፤ ወዲያው ግን ቀና አሉ። "በዘር ነው አልሽ? እንዲያማ ከሆነ የባሰ አይደለም ወይ። ተላላፊ ይሸሹታል። ከዘር ወዴት ይሸሻል?" ጉልበታቸው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አዩዋት፤ ፀዲ የሹራቧን ቁልፍ አፏ ውስጥ ከትታ ትመጠምጣለች። "ታዲያ እሷም?"

"ሊኖራት ይችላል፣ ላይኖራትም ይችላል" አለች ኢፍቱ። "ቢኖራትም ላትታመም ትችላለች።"

ጉደታ ሙሉ አካሉን ወደ ወይዘሮ ሸዋረጋ አዞረና እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን አሳያቸው። "ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ኢፍቱ ይህንን ያገኘችው ከእኔ ነው። እኔ ከእናቴ። እናቴን ከእኛ ለይተዋት ነበር፤ እኔ ላይ መምጣቱ አልቀረም። አይበለውና አንድ ቀን ፀዲ ላይ ቢወጣ፣ ያን ጊዜ እሷን ከማን ነው የምንለያት?"

 ከታች የአንድ ሰው ቴሌቪዥን ዜና ያነባል። ወይዘሮ ሸዋረጋ የልጅቷን ፀጉር ከጆሮዋ ኋላ አደረጉት፤ እዚያው ላይ እጃቸው ቆየ፤ አንድ ነገር ይፈልጉ ይመስል ነበር። ከበበ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማዬ፣ ፀዲ የትም አትሄድም" አለ። ማለት የነበረበት ጠዋት ነበር፤ እሱም አውቆታል፤ ሚስቱን ለማየት ፈርቶ ወለሉን አየ።

"እሺ" አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ። "እንግዲያ እኔም ወደ ቤቴ ልግባ። እዚህ ስሠራ የከረምሁትን እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ከእንግዲህ ምን ፊት አለኝ።" ልጅቷን ለእናቷ ሊያቀብሉ እጃቸውን ዘረጉ። ኢፍቱ ቀኑን ሙሉ የተመኘችው ይህንን ነበር። አልተቀበለችም።

"እማማ፣ እርስዎም አይሂዱብኝ" አለች። "መድኃኒቱን ለመጀመር ጡት ማስጣል አለብኝ። ከኔ ጋር ተኝታ አትተውም። ከእርስዎ ጋር ትተኛ። ከእርስዎ ሌላ የምሰጣት ሰው የለኝም።"

ወይዘሮ ሸዋረጋ ለብዙ ጊዜ አዩዋት። በዚያ ዓመት እንዲህ አይተዋት አያውቁም። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዛሬ።"

"ታለቅሳለች።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺም ታለቅሻለሽ። እኔ አምስት አስጥያለሁ፤ ከልጁ ይልቅ እናቲቱ ናት የምታስቸግር። በሩን እንዳትከፍቺ።" ይህን ብለው ነጠላቸውን አወረዱ፤ ፀዲን አቅፈው ወደ ትንሿ ክፍል ገቡ።

ልጅቷ ወዲያው አልገባትም። ትንሽ ቆይታ ግን እናቷን ፈለገች፤ ማልቀስ ጀመረች። ኢፍቱ ሶፋው ላይ በአባቷና በባሏ መካከል ተቀምጣ ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች። ከበበ ክንዱን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ አላነሣችውም። ለቅሶው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። ከዚያ በሩ ገርበብ ብሎ የወይዘሮ ሸዋረጋ ድምፅ ተሰማ።

"ኢፍቱ፣ ስታስተኚያት ምን ትያት ነበር? የምታባብይበትን ቃል ንገሪኝ እስቲ።"

ኢፍቱ ድምፅዋን አስተካከለች። "በኦሮምኛ ነው፣ እማማ። 'ራፊ ኢንተላ ኮ' እላታለሁ። ተኚ ልጄ ማለት ነው።"

በሩ ተዘጋ። ወይዘሮ ሸዋረጋ በማያውቁት ቋንቋ፣ በሸዋ አማርኛቸው ዜማ፣ ቃሉን እየሰባበሩ ጀመሩ። "ራፊ እንተላኮ፣ ራፊ እንተላኮ።" ጉደታ ፈገግ አለና "ኢንተላ ነው፣ እንተላ አይደለም፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ" አለ ጮክ ብሎ። "ኢንተላ" አሉ ከውስጥ፣ እንደ ተማሪ። ደግመው አሉት። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ለማዳመጥ ዝም አለች፤ እንደገና አለቀሰች፤ ዝም አለች።